የአንደኛ ዓመት ሴሚናር አመራረጥ፦ ወደ አሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ለሚገቡ ተማሪዎች

በአሜሪካ ወደሚገኝ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ (በአንድ ሙያ ሳይወሰን ልዩ ልዩ የትምህርት መስኮችን አስፍቶ ወደሚያስተምር ኮሌጅ) ለመግባት ተቀባይነት አግኝተው እስከ ሜይ 1 (ሚያዝያ 23) መግባታቸውን ያረጋገጡ ተማሪዎች፣ ብዙውን ጊዜ በሰኔ ወይም በሐምሌ ከኮሌጁ ሬጅስትራር ወይም ከዲኑ ቢሮ አንድ ቅጽ ይደርሳቸዋል። ቅጹ በርካታ የሴሚናር ርእሶችን ከአጫጭር መግለጫዎች ጋር ዘርዝሮ፣ ተማሪው ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹን መርጦ በፍላጎቱ ቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ ይጠይቃል። አገር ቤት ለተማረ ተማሪ ይህ እንግዳ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በ2012 ዓ.ም. በተመለሰው የመጀመሪያ ዓመት መርሐ ግብር እንደ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ያሉት ኮርሶች ተመድበው ይሰጣሉ እንጂ ተማሪው አይመርጣቸውም። በዚህ የተነሣ ብዙዎች ቅጹን ከተራ የምዝገባ ወረቀት ለይተው ሳያዩ፣ ርእሱ ደስ ያላቸውን ወይም ወደፊት ሊማሩት ካሰቡት ሙያ ጋር የሚቀራረበውን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሞልተው ይልካሉ።

ርእሱ ግን በቅጹ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ትንሹን ክብደት ሊሰጠው የሚገባ ነገር ነው። ይህ መመሪያ የሚከተለው ሐሳብ ሴሚናር በዋናነት በመምህሩና በየሳምንቱ በሚያሠራው ሥራ መመረጥ አለበት የሚል ነው። በአንደኛው ሴሚስተር ከሚወስዷቸው አራት ገደማ ኮርሶች መካከል ተማሪዎች በቁጥር አንሰው ከመምህሩ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበት፣ ጽሑፋቸውም መስመር በመስመር ታይቶ የሚመለስላቸው ብዙውን ጊዜ ይህ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ በብዙ ኮሌጆች የሴሚናሩ መምህር ተማሪው ሜጀሩን (ዋና የትምህርት መስኩን) እስኪያሳውቅ ድረስ የትምህርት አማካሪው ሆኖ ይቀጥላል፤ ይህም እስከ ሁለተኛው ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ቅጹን የሚሞላ ተማሪ የአንድ ሴሚስተር ርእስ የመረጠ ቢመስለውም፣ ኮርስ በሚመዘገብበትና በሚሰርዝበት ጊዜ ሁሉ የሚያማክረውን፣ ለስኮላርሺፕና ለክረምት ዕረፍት ሥራ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍለት የሚችለውን ሰው ጭምር እየመረጠ ነው።

ደረጃ 1፦ የኮሌጅዎን ሥርዓት ይለዩ

«የአንደኛ ዓመት ሴሚናር» የሚለው ስም በየኮሌጁ የተለያየ ነገር ይዞ ይገኛል። በሰፊው ሲታይ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን በሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1959 እንደተጀመሩት ሴሚናሮች፣ አንድ መምህር በሚመራመርበት ጉዳይ ላይ ጥቂት አዲስ ተማሪዎችን ሰብስቦ የሚያነብበትና የሚከራከርበት ነው። ሁለተኛው ወገን እ.ኤ.አ. በ1972 በሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እንደተጀመረው «ዩኒቨርሲቲ 101» ተማሪው ከኮሌጅ ሕይወት ጋር እንዲላመድ የሚረዳ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ አጠናን ስልትና ስለ ኮሌጁ አገልግሎቶች የሚያስተምር ኮርስ ነው። በሊበራል አርትስ ኮሌጆች ዘንድ የሚበዛው የመጀመሪያው ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍም ስለ እርሱ ይናገራል። የእርስዎ ኮሌጅ ሁለተኛውን ዓይነት የሚሰጥ ከሆነ ምርጫው ብዙ አያስጨንቅም፤ ለጊዜ ሰሌዳዎ የሚመቸውን ሰዓት መርጠው ማለፍ ይችላሉ።

በመጀመሪያው ወገን ውስጥም ልዩነቱ ብዙ ነው። በማሳቹሴትስ የሚገኘው አምኸርስት ኮሌጅ እና በአዮዋ የሚገኘው ግሪኔል ኮሌጅ ለሁሉም ተማሪ የወሰኑት የጋራ ግዴታ ይኸው የመጀመሪያ ሴሚስተር ሴሚናር ብቻ ነው፤ ሌላው ከሜጀሩ ግዴታዎች በስተቀር ለተማሪው ምርጫ የተተወ ነው። ግሪኔል ሴሚናሩን ቱቶሪያል ብሎ ይጠራዋል፤ የቱቶሪያሉ መምህርም ተማሪው ሜጀር እስኪመርጥ ድረስ አማካሪው ነው። በፊላደልፊያ አቅራቢያ ያለው ስዋርትሞር ደግሞ ሴሚናሩን ግዴታ አላደረገውም፤ ሆኖም በአንድ ክፍል አሥራ ሁለት ተማሪዎችን ብቻ ይቀበላል፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤትም በፊደል ሳይሆን አለፈ ወይም አላለፈ ተብሎ ይመዘገባል። እንዲህ ባለ ኮሌጅ የገባ ተማሪ የውጤት ሥጋት ስለቀለለለት፣ ፈጽሞ የማያውቀውን የትምህርት መስክ ለመሞከር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ምርጫው ጠባብ ነው። በኦሪገን የሚገኘው ሪድ ኮሌጅ አዲስ ተማሪዎቹን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቀውን «ሁማኒቲስ 110» የተባለ የጋራ ኮርስ ያስተምራል፤ በኒውዮርክ ግዛት ያለው ባርድ ኮሌጅም እንዲሁ ለሁለት ሴሚስተር የሚቆይ የጋራ ሴሚናር ያለው ሲሆን፣ ከዚያ አስቀድሞ በኦገስት ቋንቋንና አስተሳሰብን የሚመለከት የንባብና የጽሑፍ መርሐ ግብር አለው። ይህ የኋለኛው ከአገር ቤት ለሚመጣ ተማሪ የጉዞ ጉዳይ ነው። የኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የያዘ ተማሪ አሜሪካ መግባት የሚችለው ኮሌጁ ለቪዛው በሚሰጠው የአይ-20 ቅጽ ላይ ከተጻፈው የመጀመሪያ ቀን በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ስለሆነ፣ ቅጹ ላይ ያለው ቀን ቀድሞ የሚጀምረውን መርሐ ግብር ከግምት ያስገባ መሆኑን ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ከዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ጋር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ሴሚናሩ ከዶርም ምደባ ጋር የተያያዘ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። በሴንት ፖል ሚኒሶታ በሚገኘው ማካሌስተር ኮሌጅ አንዳንድ የአንደኛ ዓመት ኮርሶች አብረው የሚማሩትን ተማሪዎች አብረው ያኖራሉ፤ በማሳቹሴትስ ያለው ሆሊ ክሮስም ሞንትሴራ የተባለውን ዓመት ሙሉ የሚዘልቅ ሴሚናር ከመኖሪያ ሕንፃ ጋር ያገናኛል። ማንንም ለማያውቅ አዲስ ገቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ማታ ኮሪደር ላይ ቆሞ «ይህን ምዕራፍ ተረዳኸው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አያጣም። ብቻውን መሆን የሚወድ ተማሪ ግን ክርክሩ ከክፍል ተከትሎት መኝታ ቤት እንደሚገባ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ደረጃ 2፦ የመጨረሻውን ሰዓት ባሉበት አገር አቆጣጠር ይጻፉ

በምሥራቃዊው አሜሪካ ያለ ኮሌጅ የቅጹን ማብቂያ ጁን 20 ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ በፊት ብሎ ከወሰነ፣ ያ ሰዓት በአዲስ አበባ ሰኔ 14 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ኮሌጁ በሚኒሶታ ወይም በአዮዋ ከሆነ አንድ ሰዓት ይጨመራል። በእነዚህ ወራት የኢየሩሳሌምና የሪያድ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሲሆን፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። አብዛኛውን ጊዜ ከማብቂያው በፊት ቀድሞ መላክ ቅድሚያ አያሰጥም፤ ምደባው የሚሠራው ሁሉም ቅጾች ከተሰበሰቡ በኋላ ስለሆነ የተሰጠውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለማሰብ መጠቀም ይቻላል። ይህም ቢሆን በክረምት መብራትና ኢንተርኔት ሊቋረጥ ስለሚችል የመጨረሻውን ሌሊት መጠበቅ አይመከርም። ቅጹን ያልመለሰ ተማሪ ቦታ በተረፈበት ሴሚናር ይመደባል።

ደረጃ 3፦ መግለጫውን ርእሱን ሸፍነው ያንብቡ

የሴሚናር ርእስ የሚጻፈው ተማሪ እንዲማርክ ነው። መምህራን ለዚህ ሲሉ የቃላት ጨዋታ ያለበት ርእስ ያወጣሉ፤ ከርእሱ በታች ያለው መግለጫ ግን ብዙ ጊዜ ሐቁን ይናገራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ንባብ ርእሱን ትተው ሁለት ነገሮችን ብቻ ይፈልጉ፦ ምን ዓይነት ጽሑፍ ወይም ማስረጃ ይነበባል? ተማሪውስ ምን ሠርቶ ያቀርባል?

ለምሳሌ ስለ ቡና የሚሰጥ ሴሚናር አለ እንበል። መምህሩ የታሪክ ምሁር ከሆነ ተማሪዎቹ የሚያነቡት የእርሻ ባለቤቶችን ደብዳቤ፣ የነጋዴዎችን መዝገብና የጉዞ ማስታወሻዎችን ሊሆን ይችላል፤ የሚጽፉትም ማስረጃን እያመሳከረ የሚከራከር ድርሰት ነው። ኢኮኖሚስት ከሆነ የዋጋ ሠንጠረዥና ግራፍ ይበዛል፣ ገበሬው ከመጨረሻው ዋጋ ምን ያህሉን ያገኛል የሚለውም ጥያቄ በቁጥር ይመረመራል። ባዮሎጂስት ከሆነ ስለ አረቢካ ቡና የዘር ሐረግና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ስላለው የዱር ቡና የሚያትቱ ሳይንሳዊ መጣጥፎች ይነበባሉ፣ ምናልባትም የላብራቶሪ ሪፖርት ይጻፋል። አንትሮፖሎጂስት ከሆነ ደግሞ ተማሪው ከተማ ውስጥ ካለ ካፌ ተቀምጦ የሚያየውን እንዲመዘግብ ሊታዘዝ ይችላል። ርእሱ አንድ ነው፤ ሥራዎቹ ግን አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኙም። «ከቡና አገር ስለመጣሁ ይህ ይቀለኛል» ብሎ የመረጠ ተማሪ የትኛውን ቡና እንደመረጠ ሳያውቅ ሊገባ ነው።

መግለጫው ስለ ሥራው ዓይነት ምንም የማይናገር፣ በትልልቅ ጥያቄዎች ብቻ የተሞላ ከሆነ ሴሚናሩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ያለፈውን ዓመት ሲላበስ (የኮርሱን ንባብና ሥራ የሚዘረዝረውን ዕቅድ) ሳያዩ ከዝርዝርዎ አናት ላይ አያስቀምጡት። ሲላበሱ ብዙ ጊዜ በዲፓርትመንቱ ድረ ገጽ ይገኛል፤ ከሌለም መምህሩን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ደረጃ 4፦ የሳምንቱን ሥራ በሰዓት ይመዝኑ

ሲላበሱ እጅዎ ሲገባ ቁጥሮቹን ይፈልጉ። በሳምንት ስንት ገጽ ይነበባል? በሴሚስተሩ ስንት ጽሑፍ ይቀርባል፣ እያንዳንዱስ ስንት ገጽ ነው? ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጥያቄ ግን ጽሑፉ ከታረመ በኋላ እንደገና ተጽፎ እንዲቀርብ ይደረጋል ወይ የሚለው ነው። በእኔ አስተያየት ሁለት ሴሚናሮች በሌላው ሁሉ እኩል ቢሆኑ፣ ረቂቁን አይቶ፣ አስተያየት ሰጥቶ፣ እንደገና የሚያስጽፈውን መምረጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ተጽፎ፣ ውጤት ተሰጥቶበት የሚቀመጥ ጽሑፍ ተማሪው የት ላይ እንደወደቀ ይነግረው ይሆናል፤ እንዴት እንደሚነሣ ግን አያሳየውም።

የንባቡን መጠን ለመመዘን የሚከተለውን ያድርጉ። ከሲላበሱ ላይ ከተጠቀሱት ጽሑፎች አንዱን ወይም በዚያው መስክ ያለ ሌላ የእንግሊዝኛ ምሁራዊ ጽሑፍ ያግኙና አሥር ገጽ ሰዓት ይዘው ያንብቡ፤ ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን ዘግተው ጸሐፊው የሚለውን በአምስት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። ይህን መጻፍ ካልቻሉ ንባቡ አልተቆጠረምና ዝግ ብለው ይድገሙት። አንድ ገጽ አራት ደቂቃ የሚወስድብዎ ከሆነ ሰማንያ ገጽ አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው፤ ይህም ለአንድ ኮርስ፣ ለዚያውም ከጽሑፍ ሥራው ውጪ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ክሬዲትን የሚተረጉመው ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት የግል ሥራ በማከል ስለሆነ፣ ባለ አራት ክሬዲት ኮርስ በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት ቢጠይቅ አዲስ ነገር አይደለም። የእርስዎ ስሌት ከዚህ እጅግ ከበለጠ ሌሎቹን ሦስት ኮርሶች አስቡበት፤ በካምፓስ ውስጥ ለመሥራት ያሰበ የኤፍ-1 ተማሪም በትምህርት ወቅት እስከ 20 ሰዓት በሳምንት መሥራት ሕጉ ቢፈቅድለትም፣ ቀኑ ግን ለእርሱ ተብሎ አይረዝምም።

የተሳትፎ ነጥብም አለ። በሴሚናር ውስጥ ዝም ብሎ ማዳመጥ እንደ ጨዋነት አይቆጠርም፤ ከጠቅላላው ውጤት ጉልህ ድርሻ ያለው ክፍል በመናገር የሚገኝ ሊሆን ይችላል። መምህርን ማቋረጥ ነውር ነው ተብሎ ላደገ፣ በትልልቅ ክፍሎች ውስጥ ማስታወሻ እየያዘ ለተማረ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዱታል። ሲላበሱ ተሳትፎን እንዴት እንደሚለካ ይመልከቱ፦ አንዳንድ መምህራን ከክፍል በፊት በጽሑፍ የሚላክ ጥያቄን፣ ወይም ተራ በተራ ውይይት መምራትን ይቆጥራሉ፤ እንዲህ ያለው ሥርዓት በመሐል ገብቶ ለመናገር ለሚቸገር ተማሪ በጣም ይጠቅማል። አንዳንድ ኮሌጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ተማሪዎች የተዘጋጀ የሴሚናር ክፍል አላቸው። ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች ደካማ መስሎ መታየትን ፈርተው ይሸሹታል፤ ጽሑፍን በደንብ የሚያርመው መምህር እዚያ ከሆነ ግን ሽሽቱ ኪሳራ ነው።

ደረጃ 5፦ መምህሩን ይወቁ

ከዝርዝሩ ውስጥ ስምንት ወይም አሥር ሴሚናሮች ከቀሩልዎ የእያንዳንዱን መምህር ገጽ በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ይክፈቱ። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ሰው አማካሪዬም ይሆናል ወይ የሚለው ነው። አማካሪ የሚሆን ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ይኖራል ወይ የሚለው ነው። «ቪዚቲንግ» የሚል ማዕረግ ያላቸው መምህራን በጊዜያዊ ውል የሚሠሩ ናቸው፤ ቋሚዎቹም ቢሆኑ በየተወሰኑ ዓመታት ለምርምር ከማስተማር ነፃ የሚሆኑበት ጊዜ አላቸው። ጊዜያዊ መምህራን ብዙ ጊዜ በጣም ትጉ አስተማሪዎች ስለሆኑ በዚህ ምክንያት ብቻ መተው አይገባም፤ ሆኖም በሁለተኛው ዓመት ሌላ አማካሪ እንደሚያስፈልግ አውቆ መግባት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ነገር የመምህሩ የትምህርት መስክ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያደርጉት መምህሩን ከሚያስቡት ሜጀር ጋር ማዛመድ ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስብ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህርን፣ ሕክምና የሚያስብ ባዮሎጂስትን ይፈልጋል። እኔ የምመክረው በተቃራኒው ነው። የሜጀሩን መምህራን በሚቀጥሉት ዓመታት በየኮርሱ ያገኟቸዋል፤ ከመስክዎ ውጪ ያለ ምሁር ግን በቅርብ የሚያውቅዎ ምናልባት በዚህ አጋጣሚ ብቻ ነው። በዲፓርትመንቱ ውስጥ ስለሌለ፣ ተማሪው ሜጀሩን ለመቀየር ሲያስብ በግልጽ ሊያማክረው የሚችል ሰውም ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን መምህሩ ማማከርን ከቁም ነገር የሚቆጥር ከሆነ ነው፤ ይህን ደግሞ ከድረ ገጽ ማወቅ ስለማይቻል ቀደም ብለው የገቡ ተማሪዎችን መጠየቅ ያስፈልጋል። በብዙ ኮሌጆች የኢትዮጵያና የኤርትራ ተማሪዎች ወይም የአፍሪካ ተማሪዎች ማኅበር አለ፤ ሲጠይቁም «ጥሩ ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ «ጽሑፍ በስንት ቀን ይመልሳል? ተማሪ ለማነጋገር በመደበው የቢሮ ሰዓት ሲሄዱ ይገኛል? ሲሳሳቱ እንዴት ይነግራል?» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚያስገኘው መልስ «በጣም ጥሩ ነው» የሚል ብቻ ነው።

ለመምህሩ ራሱ ኢሜይል መጻፍም ይቻላል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ማን እንደሆኑ፣ ሴሚናሩን ለምን እንዳሰቡት በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያም ያለፈውን ዓመት ሲላበስ ማየት ይቻል እንደሆነ። «እባክዎ በሴሚናርዎ ይመድቡኝ» ብሎ መለመን አያስፈልግም፤ ምደባው አብዛኛውን ጊዜ በመምህሩ እጅ አይደለም። ሰላምታው ላይ አንድ የምንሳሳተው ነገር አለ። በእኛ ልማድ ማዕረግ የሚቀድመው የሰውየውን የራሱን ስም ስለሆነ «ፕሮፌሰር ማይክል» ብሎ መጻፍ አክብሮት ይመስለናል፤ እዚያ ግን «ፕሮፌሰር» የሚለው የሚከተለው የቤተሰብ ስሙን ነው። ክረምት ላይ መምህራን ለምርምር ስለሚወጡ መልስ ቢዘገይ እንደ ንቀት አይቁጠሩት።

ደረጃ 6፦ ስለ ራስ አገር የሚሰጠውን ሴሚናርና የቤተሰብን ምክር ለየብቻ ይመዝኑ

በዝርዝሩ ውስጥ ስለ አፍሪካ፣ ስለ ስደት ወይም ስለ ጥንታዊ ክርስትና የሚሰጥ ሴሚናር ሲገኝ ከኢትዮጵያ የመጣ ወይም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ተማሪ ወዲያው ወደ እርሱ ያዘነብላል። ምርጫው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለራስ የሚያገባ ጥያቄ መያዝ ለጽሑፍ ጉልበት ይሰጣል። ሁለት ነገሮችን ግን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የኖሩትን ነገር በምሁራዊ ማስረጃ ማቅረብ ከማያውቁት ነገር ላይ ከመጻፍ ይከብዳል፤ «እኛ ቤት እንዲህ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር በጽሑፍ ውስጥ ምንጭ ሆኖ አያገለግልም። ሁለተኛ፣ ክፍሉ ሁሉ በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ «አንተስ ምን ትላለህ?» እያለ ወደ አንድ ተማሪ ሊዞር ይችላል። ይህን የሚወድ አለ፣ የሚያደክመውም አለ፤ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

የቤተሰብ ምክር ብዙውን ጊዜ «ለሕክምና የሚጠቅመውን ውሰድ» የሚል ነው። ለወላጆች ሊነገራቸው የሚገባው፣ አንደኛ ዓመት ሴሚናር የኬሚስትሪን ቦታ እንደማይወስድ ነው፤ ኬሚስትሪውና ባዮሎጂው በሌሎቹ ሦስት ኮርሶች ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ላይ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልካቹ የእንግሊዝኛ ወይም የጽሑፍ ኮርስ የወሰደ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ሴሚናሩ ለዚህ ይቆጠር እንደሆነ የኮሌጁን የጤና ሙያዎች አማካሪ ጠይቆ መልሱን ለአባትና ለእናት ማሳየት፣ ስልክ ላይ ከመከራከር ይሻላል።

ደረጃ 7፦ የጊዜ ሰሌዳውን ያጣጥሙ

ይህ አጭር ሥራ ነው። ሴሚናሩ የሚውልበትን ቀንና ሰዓት ከሌሎቹ ሊወስዷቸው ካሰቧቸው ኮርሶች ጋር አንድ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። በተለይ የሳይንስ ላብራቶሪዎች ከሰዓት በኋላ ሰፊ ጊዜ ስለሚይዙና ጄኔራል ኬሚስትሪ በብዙ ኮሌጆች በመጀመሪያው (ፎል) ሴሚስተር ስለሚጀመር፣ ከእርሱ ጋር የሚጋጭ ሴሚናር ዓመት ሊያስከፍል ይችላል። የጁምዓ ሶላት የሚያደርስ ተማሪ የዓርብ ቀትር ሰዓትን ከወዲሁ ይመልከት። ሰዓቱ በቅጹ ላይ ካልተጻፈ ሬጅስትራሩን መጠየቅ ይቻላል።

ደረጃ 8፦ ቅጹን በእውነት ይሙሉ

ስድስት ምርጫ ከተጠየቁ ስድስቱንም ይሙሉ፤ ስድስቱም ደግሞ ቢደርስዎ የማያዝኑባቸው ይሁኑ። አንዳንዶች የመጀመሪያውን ምርጫ ለማስገደድ ሲሉ ሌሎቹን ባዶ ይተዋሉ ወይም ማንም የማይፈልጋቸውን ይሞላሉ፤ ውጤቱ ሌላ ሰው በተወው ወንበር ላይ መመደብ ነው። የትኛው ሴሚናር ብዙ ተማሪ እንደሚፈልገው ለመገመት መሞከርም ጥቅም የለውም፤ ፍላጎትን በቅደም ተከተሉ መጻፍ ከሁሉ ይሻላል። ቅጹ «ለምን መረጡት?» የሚል ቦታ ካለው፣ የመግለጫውን ቃላት መልሶ መጻፍ ትርጉም የለውም፤ በሴሚናሩ ውስጥ ሊመልሱት የሚፈልጉትን አንድ ጥያቄ በራስዎ ቃል ይጻፉ። ከላኩ በኋላ የማረጋገጫውን ገጽ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

ደረጃ 9፦ ምደባው ሲመጣ

አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ምርጫ ሊደርስዎ ይችላል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው እርምጃ ሲላበሱን አግኝቶ ደረጃ 4ን መድገም ነው፤ የመምህሩ አስተያየት አሰጣጥ ጥሩ ከሆነ መቆየት ይሻላል፣ ርእሱም ውስጥ ሲገቡ ከመግለጫው ይልቅ የሚስብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለሬጅስትራሩ ወይም ለዲኑ ቢሮ መጻፍ ይገባል። በአሜሪካ ኮሌጆች በሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ ኮርስ የሚጨመርበትና የሚሰረዝበት አጭር ጊዜ ቢኖርም፣ ብዙዎቹ የአንደኛ ዓመት ሴሚናርን ከዚህ ነፃነት ውጪ ያደርጉታል ወይም ልዩ ፈቃድ ይጠይቁበታል። ደብዳቤው «ርእሱ አልተመቸኝም» ከሚል ይልቅ ሊረጋገጥ የሚችል ምክንያት ቢይዝ ይደመጣል፦ ከላብራቶሪ ጋር ይጋጫል፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያነበብኳቸውን መጻሕፍት ይደግማል፣ ወይም አማካሪው በሚቀጥለው ዓመት አይኖርም።

የኤፍ-1 ቪዛ ያላቸው ተማሪዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለባቸው። በቅድመ ምረቃ ደረጃ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት ወይም ኮሌጁ ከዚህ ጋር እኩል የሚያደርገውን የኮርስ ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ አዲሱ ሴሚናር ከመረጋገጡ በፊት አሮጌውን መሰረዝ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን፣ አይገባም፤ ቅያሪው በአንድ ጊዜ እንዲፈጸም ሬጅስትራሩን ይጠይቁ፣ ከዚህ የሚያንስ ነገር ለማድረግ ያሰቡ እንደሆነ ግን ምንም ከመንካትዎ በፊት ወደ ዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ይሂዱ።

በመጀመሪያው ሳምንት የመምህሩን የቢሮ ሰዓት ጠይቀው፣ ችግር እስኪመጣ ሳይጠብቁ አንድ ጊዜ ይሂዱ። ሦስት ነገሮችን ይዘው ይግቡ፦ ከሲላበሱ ያልገባዎትን አንድ ነጥብ፣ መምህሩ ቻትጂፒቲን የመሳሰሉ መሣሪያዎች ለጽሑፍ ሥራ እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቅድ፣ እና ቀደም ሲል በእንግሊዝኛ የጻፉትን ሁለት ገጽ። የሁለተኛው መልስ ከመምህር መምህር ይለያያልና በአንዱ ክፍል የተፈቀደው በሌላው እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር ስለሚችል በጽሑፍ ይያዙት። ሁለቱን ገጾች ደግሞ መምህሩ ከየትኛው ልማድ መላቀቅ እንዳለብዎ እንዲነግርዎ ይጠይቁ፤ የሚነግርዎትን ነገር ይዘው በዚያው ሳምንት ተማሪዎችን በጽሑፍ ሥራ በሚረዳው የኮሌጁ የጽሑፍ ማዕከል ቀጠሮ ያስይዙ።